የባሕር አልጌ ሚዛን ላይ ሲወጣ

እስቲ ስልካችሁን አውጡና «የባሕር አረም ጥቅሞች» ብላችሁ ፈልጉ። በአማርኛም ፈልጉ በእንግሊዝኛ፣ የሚመጣላችሁ ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ ዝርዝር። «አሥር አስደናቂ ጥቅሞች።» ቆዳ ያጠራል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ፀጉር ያሳድጋል፣ ታይሮይድን ያስተካክላል። አንዳንዱ ደግሞ ቁጥር ይጨምርበታል፦ «ሰውነታችን ከሚያስፈልጉት 102 ማዕድናት 92ቱ በውስጡ አሉ» ይላል። ከታች የሚሸጥበት ስልክ ቁጥር ይከተላል።

አሁን ይህንን ዝርዝር የምታነቡት ሚዛን ተፈሪ ሆናችሁ ነው እንበል፤ ወይም ቴፒ፣ ወይም በበቃ ቡና እርሻ አጠገብ። ከናንተ እስከ ቅርቡ ባሕር በአየር እንኳ ቢለካ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቤት ያለው ምግብ ጎደሬ፣ ቆጮ፣ በቆሎ፣ ጎመን ነው። እና ይሄ ዝርዝር ለናንተ ምን ይላችኋል? የሆነ ነገር አምልጧችኋል ይላችኋል። ምን እንዳመለጣችሁና ምን ያህል እንደሚያስፈልጋችሁ ግን አይነግራችሁም።

ዛሬ የምንተቸው ይህንን ዓይነት ጽሑፍ ነው። የባሕር አልጌን ራሱን መተቸት አልፈለግንም፤ እሱ ምን አጠፋ? ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዝርዝሩ ውስጥ ካሉት ጥቅሞች አንዱ እውነት ነው፤ እውነት ብቻም ሳይሆን ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሕፃናት አእምሮ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ ግን ያንን አንድ እውነት ከዘጠኝ ማሻሻጫዎች መሃል ጥሎት፣ መጠኑን ሳይናገር ያልፈዋል። መጠኑ ሲቀር ደግሞ መድኃኒቱ በሽታ ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ነገሩ ምንድን ነው?

የባሕር አረም ይባል እንጂ አረም አይደለም። አልጌ ነው፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ «ዋቅላሚ» የሚለው ማለት ነው። ሥር፣ ግንድና አበባ የለውም፤ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል፤ የሚያስፈልገውን ማዕድን በመላ አካሉ ከባሕሩ ውሃ ይስባል። ሦስት ትልልቅ ቡድኖች አሉት፦ ቀይ፣ ቡናማና አረንጓዴ። ጃፓኖች ሩዝ የሚጠቀልሉበት «ኖሪ» ከቀዮቹ ነው። ሾርባ የሚያጣፍጡበት ወፍራሙ «ኮምቡ» ከቡናማዎቹ ነው።

ደግሞ እንዳትገረሙ፤ ባሕር ሳታዩ አልጌ ሳይደርሳችሁ አልቀረም። በላቦራቶሪ ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄሊ መሳይ ነገር፣ አጋር፣ ከቀይ አልጌ ነው የሚሠራው። አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈርም ከአልጌ የሚወጡ ነገሮች ይገባሉ። ይህ ግን ለማወፈሪያ እንጂ ለምግብነት ስላልሆነ እንለፈው።

«92 ማዕድናት» የሚባለው ቁጥር

ይሄኛውን ለማፍረስ የኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል። ቁጠሩ፦ 92ኛው ንጥረ ነገር ዩራኒየም ነው። ከአንድ እስከ 92 ባለው ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክና ካድሚየም አሉ። ሂሊየምና ኒዮንም አሉ፤ እነሱ ጋዝ ናቸው። «92ቱንም ይዟል» ብሎ መፎከር ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? ሰው ለጤንነቱ እንደሚያስፈልጉት የሚታወቁት ማዕድናት ሃያ ገደማ ናቸው። 102 የሚል ቁጥር በሥነ ምግብ ሳይንስ ውስጥ የለም።

ይባስ ብሎ፣ አልጌ ከውሃው ማዕድን ሲስብ ጠቃሚውን ከጎጂው እየለየ አይደለም። «ሂጂኪ» የሚባል ቡናማ አልጌ ብዙ መርዛማ አርሴኒክ ስለተገኘበት የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰዎች እንዳይበሉት መክሯል። ስለዚህ «በውስጡ ብዙ ነገር አለ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በራሱ ምስጋና አይደለም።

«ፕሮቲኑ ከሥጋ ይበልጣል»

ይሄ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ደረቅ ኖሪ ከክብደቱ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። ግን ቆይ፤ አንድ የኖሪ ሉህ ስንት ይመዝናል? 3 ግራም ገደማ። ከሱ የሚገኘው ፕሮቲን አንድ ግራም ቢሆን ነው። 50 ግራም ደረቅ ባቄላ ከ12 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣችኋል። ማለትም አንድ እፍኝ ባቄላን ለማካካስ ከደርዘን በላይ ሉህ ኖሪ መብላት ሊኖርባችሁ ነው።

ዝርዝሮቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ይህ ነው፦ «በ100 ግራም» ብለው ይጽፋሉ። 100 ግራም ደረቅ አልጌ በአንድ ማዕድ የሚበላ ሰው የለም። ሽሮን ግን ሙሉ ድስት እንበላዋለን። ሁለቱን በ100 ግራም ማወዳደር በርበሬን ከእንጀራ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ለጾመኞች የሚነገረውም እንዲሁ መጣራት አለበት። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጪ በቀላሉ አይገኝም፤ ኖሪ ውስጥ ግን ትክክለኛው ቢ12 አለ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። «አልጌ ስለሆነ» ተብሎ አብሮ የሚሸጠው ስፒሩሊና ግን ሌላ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆ ጭቱ ሐይቅና በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ውስጥ በተፈጥሮ ይበቅላል፤ በቻድም ሰዎች ከሐይቅ ዳር እየሰበሰቡ ከጥንት ጀምሮ ይበሉታል። ፕሮቲን አለው። ቢ12 የሚባለው ግን በአብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ተመሳሳዩ ነው። አዮዲኑም ከባሕር አልጌ ጋር አይወዳደርም። አልጌ ሁሉ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ እውነተኛው ጥቅም

እ.ኤ.አ. በ1811 ነው። ፈረንሳይ ጦርነት ላይ ናት፤ ለባሩድ የሚሆን ጨዋማ ማዕድን ትፈልጋለች። በርናር ኩርቷ የሚባል ሰው የባሕር አልጌ አቃጥሎ ከአመዱ የሚፈልገውን ያወጣል። አንድ ቀን አመዱ ላይ ሰልፈሪክ አሲድ አበዛበት፤ ሐምራዊ ጭስ ቡልቅ አለ። ጭሱ ሲቀዘቅዝ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅንጣት ሆነ። ይህ አዮዲን ነው፤ ስሙም ከግሪክኛው «ሐምራዊ» የመጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ1820፣ ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴ የሚባል የጄኔቭ ሐኪም አዮዲንን ለእንቅርት ሕክምና ሰጠ። በቻይናም በአውሮፓም ሰዎች ለእንቅርት የባሕር አልጌ ወይም የተቃጠለ የባሕር ስፖንጅ ይሰጡ የነበረው ለምን እንደሠራ ያን ጊዜ መገለጥ ጀመረ።

አዮዲን በአንገታችን ፊት ያለው ታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ጥሬ ዕቃው ሲያንስ ዕጢው የተገኘችውን ሁሉ ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። እብጠቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው ይብሳል፦ በእርግዝና ጊዜ እናት በጣም ሲያንሳት የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል፤ የተወለደው ልጅም ለመማር ይቸገራል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን በዓለም ላይ መከላከል ከሚቻሉት የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ቀዳሚው ይለዋል።

ባሕር ውስጥ አዮዲን አለ። በተለይ ቡናማ አልጌዎች ሰብስበው ያከማቹታል፤ ማዕበሉ ሲሸሽና ለፀሐይና ለአየር ሲጋለጡ አካላቸውን ከጉዳት ይከላከሉበታል። የኛ ምድር ግን ደጋና ተዳፋት ነው፤ ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ከሀገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ለቡናው የሚስማማው ዝናብ ለዘመናት አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑን ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ ሌላ ሀገር ወስዶታል። አፈሩ ውስጥ ከሌለ ጎደሬው ውስጥ አይኖርም፤ በቆሎው ውስጥም አይኖርም። ምግቡ ትኩስ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ከጓሮ ነው፤ ግን ምድሪቱ የሌላትን ከየት ታምጣ?

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሀገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ሕፃናት ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአሥር ልጆች አራት! ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የነበሩበት የደቡብ ክልል ችግሩ በብዛት ከታየባቸው ክልሎች አንዱ ነበር።

ስለዚህ የባሕር አልጌ አድናቂዎች አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። የኛ ምድር ያጣችው ነገር እውነትም ባሕር ውስጥ አለ።

ታዲያ ለምን አንበላውም?

እዚህ ላይ ነው ሚዛን የሚያስፈልገው። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው፤ ነፍሰ ጡር 250። እስቲ አስሉት፦ 150 ማይክሮግራም በቀን፣ ለ70 ዓመት። ጠቅላላው 4 ግራም አይሞላም! ዕድሜ ልክ የሚበቃው ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

አሁን አልጌውን መዝኑ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ገበያ ላይ የሚሸጡ የባሕር አልጌዎችን ለክቶ በአንድ ግራም ውስጥ ያገኘው አዮዲን በኖሪ 16 ማይክሮግራም፣ ከቡናማ አልጌ በተዘጋጀ ደቃቅ ምርት ደግሞ ከ8,000 በላይ ነበር። አምስት መቶ እጥፍ ልዩነት! ሁለቱም ስማቸው «የባሕር አረም» ነው። በአውሮፓ ለአዋቂ የተቀመጠው የቀን ጣሪያ 600 ማይክሮግራም፣ በአሜሪካ 1,100 ነው። ከዚያኛው ምርት አንድ ቁንጥጫ ሁለቱንም ጣሪያ ሊያልፍ ይችላል። «በቀን ሁለት ማንኪያ ውሰዱ» የሚለው ማስታወቂያ የትኛውን እንደሚሸጥላችሁ ነግሯችኋል?

ብዙ ቢሆን ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አለበት። በ1960ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች በሆካይዶ የባሕር ጠረፍ መንደሮች እንቅርት አገኙ። እነዚህ ሰዎች አዮዲን አላነሳቸውም፤ እንዲያውም ኮምቡ በብዛት ይበሉ ነበር። አዮዲኑ ከመጠን ሲያልፍ ታይሮይድ ሥራዋን ትቀንሳለች፤ ይህ በአንዳንድ ሰው ላይ ሲቀጥል እንደገና እብጠት ይመጣል። ሲያንስም እንቅርት፣ ሲበዛም እንቅርት።

ለኛ አካባቢ የሚያስፈራው ደግሞ ሌላው ጎን ነው። ለረጅም ዓመታት እንቅርት የኖረባቸው እናትና አባት፣ አያቶች አሉ። እንዲህ ያለ ዕጢ ሲራብ ስለኖረ አንዳንዴ ከቁጥጥር ውጪ የሆኑ እባጮች ያበቅላል። በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ ሰው ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ለአረጋዊ ልብ ይህ አደገኛ ነው። ኩዋንዴ አዮዲን መስጠት ሲጀምርም ከታካሚዎች መሃል በመጠኑ ብዛት የታመሙ ነበሩ። ማስታወቂያው «ታይሮይድን ያስተካክላል» ሲል ማንን ነው የሚጠራው? አንገቱ ያበጠውን ሰው። ማለትም በጣም ሊጎዳ የሚችለውን።

አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲሉ በችግር ላይ ችግር መጨመሩን ነበር። እንቅርት ለምሳሌነት እስኪበቃ ድረስ ስንት አንገት ላይ ታይቶ ይሆን? የዛሬው «በእንቅርት ላይ የአልጌ ዱቄት» ያው ተረት ነው።

መፍትሔው ድስቱ አጠገብ ነው

ባሕሩን ወደ ሚዛን ተፈሪ ማምጣት የሚቻልበት ርካሽና የተለካ መንገድ አለ፦ ጨው። ስዊዘርላንድ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ በየተራራው መንደር የነበረው እንቅርትም እየጠፋ ሄደ። ሒሳቡ ያምራል፦ አንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ 5 ግራም ጨው 150 ማይክሮግራም ይሰጣል። ልክ የቀኑ መጠን። 5 ግራም ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከዚያ በላይ ጨው አትብሉ የሚልበት ወሰን ነው። ሰው አንድ ማንኪያ ጨው ከነጭራሹ መዋጥ ስለማይችል፣ ጨው ራሱ መጠኑን ይጠብቃል። የአልጌ ዱቄት ይህ ጠባቂ የለውም።

የኛስ ታሪክ? በጥንት ጊዜ አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ እስከ ከፋ ገበያ ይደርስ ነበር፤ የድንጋይ ጨው ግን አዮዲኑ ኢምንት ነው። በኋላ አብዛኛው ጨው በአሰብና በምፅዋ በኩል ይመጣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ፤ ሀገሪቱም ወደ አፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ጨው ዞረች። ብዙው አዮዲን ያልተጨመረበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። አምስት ዓመት!

እዚህም ላይ ግን ያንኑ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ምን ያህል? 89 በመቶ የሚለው ቁጥር «አዮዲን አለ ወይስ የለም» የሚል ፈጣን ምርመራ ውጤት ነው፤ ጠብታ ተደርጎበት ጨው ወደ ሐምራዊ ሰማያዊ ከተለወጠ «አለ» ይባላል። ትንሽም ቢኖር «አለ» ነው። በቂ አዮዲን ያለበት ጨው ከዚያ ቁጥር በጣም ያነሰ መሆኑ በላቦራቶሪ ልኬት ታይቷል። «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ላስቲኩ ላይ ማተም ቀላል ነው፤ ከባዱ እያንዳንዱን ከረጢት እኩል ማዳረስና ከፋብሪካ እስከ ገበያ መቆጣጠር ነው። ጨውን የምንተቸው እንደ አልጌው ነው፤ ወገን አንይዝም።

ከቤት የሚሠራውም ቀላል ነው። አዮዲን እርጥበት፣ ፀሐይና ሙቀት አይወድም፤ የሚዛንና የቴፒ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ላስቲክ ላይ ተዘርግቶ በስኒ ከሚሸጠው ይልቅ የታሸገውን ግዙ። ቤት ስታደርሱት ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ጨው አይታጠብም። ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ጨው ግን አታብዙ፤ አዮዲን አገኛለሁ ብሎ ጨው ማብዛት ደም ግፊት መጥራት ነው።

ካሳቫ የምትበሉ ከሆነ በደንብ ይዘጋጅ፤ በውስጡ ያለው መርዛማ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ አዮዲን ወደ ታይሮይድ እንዳይገባ ይሻማል። ጎመንም ጥቂት እንዲህ ያለ ባሕርይ አለው፤ ተቀቅሎ ሲበላና በቂ አዮዲን ሲኖር ግን አያሳስብም። ጎመን አትተዉ! ቤታችሁ ውስጥ አንገቱ ያበጠ ሰው ካለ ደግሞ ዱቄት አትግዙለት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ትችቱ ለኛም ነው

በሳይንስ ስም በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ነፃ አይደለንም። የውጭ ዝርዝር አንሥቶ መተርጎም ቀላል ነው። «የባሕር አልጌ ለታይሮይድ ይጠቅማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቶኪዮ ውስጥ ሲነበብና ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሲነበብ አንድ ትርጉም የለውም። ቃላቱን ተርጉመን አንባቢው የቆመበትን አፈር ካልተረጎምን፣ የጻፍነው ማስታወቂያ ነው።

እናንተ ግን ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ማንኛውም «አስደናቂ ጥቅም» ሲመጣባችሁ ጠይቁ፦ ምን ያህል? በምን መልክ? ለማን? ለባሕር አልጌ ጠየቅን፤ ለነጭ ሽንኩርት፣ ለሞሪንጋ፣ ለስፒሩሊና፣ ለሚመጣውም ሁሉ ይሠራል። መልስ የሌለው ዝርዝር ካጋጠማችሁ የሻጩን ስልክ ቁጥር እለፉት።

አንድ ቀን ባሕር ዳር ደርሳችሁ ኖሪ የተጠቀለለበት ሩዝ ቢቀርብላችሁ ደግሞ ብሉ፤ ይጣፍጣል። እስከዚያው ከናንተ ሀገር ቡና በጭነት መኪና ወደ ወደብ ይወርዳል፤ ከአፋር ደግሞ ጨው ወደናንተ ይወጣል። ዛሬ ማታ ወጥ ሲወርድ፣ የገባው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ጠይቁ።